ቤቱ ሲጫን ሽማግሌውን ማን ይይዛል?

በአዋሽ ሸለቆ የሚኖር ሰው መንቀሳቀስ ያውቃል። ዝናብ ሲጠፋ ግጦሽ ይጠፋል። ግጦሽ ሲጠፋ ግመሉም፣ ከብቱም፣ ፍየሉም ይነሣል። የአፋር እናቶች ደቦይታውን ነቅለው በግመል ይጭናሉ። ደቦይታ ከእንጨትና ከሰሌን የሚሠራ ቤት ነው። ይነቀላል፤ ይተከላል።

እንግዲህ ቤት ይጫናል። ዕቃ ይጫናል። መራመድ ያቃታቸው ሽማግሌስ? ዓይናቸው የማያይ እናትስ? እግሩ የማይታዘዝለት ወጣትስ? የዛሬው ጽሑፋችን ስለ እነዚህ ሰዎች ነው።

ይህ ጥያቄ የከብት አርቢ ብቻ አይደለም። በታኅሣሥና በጥር 2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች መሬት ደጋግማ ተንቀጠቀጠች። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሡ። እንዲህ ባለ ቀን ጤነኛ ሰው ሮጦ ይወጣል። መሮጥ የማይችል ግን የሚሸከመው ይፈልጋል። ማን እንደሚሸከመው አስቀድሞ ካልታወቀ፣ ሁሉም «ሌላው ይዞት ወጥቷል» ብሎ ያስባል። ሰውየው እቤት ይቀራል።

በአዘቦት ቀንስ የሚጦረው ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ምራት ወይም ሴት ልጅ ናት። ውኃ ትቀዳለች፤ ታበላለች፤ ታጥባለች፤ ሌሊትም ትነሣለች። ልጅቱ ከትምህርቷ ትቀራለች። ሽማግሌ መጦር ምርቃት ያስገኛል እንላለን። እውነት ነው። ታዲያ ምርቃቱ የቤተሰቡ ሁሉ ሆኖ፣ ድካሙ የአንዲት ሴት ብቻ ለምን ይሆናል? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ሌላም ችግር አለ። በአዋሽ ሰባት ኪሎ አጠገብ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት እናት አሉ እንበል። የደም ግፊት አለባቸው። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። ለደም ግፊቱ ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ። ለዓይናቸው ሆስፒታል ይሂዱ ይባላሉ። ለእህል ርዳታ ቀበሌ ይሄዳሉ። ለምርኩዝ ወደ ሌላ ቢሮ ይላካሉ። ይህ አራት በር ነው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው አራት በር እንዴት ያንኳኳል? ሁለተኛው በር ላይ ይደክማቸውና ቤታቸው ይቀመጣሉ። ጎረቤትም «ምን ይደረግ፣ እርጅና ነው» ይላል።

እርጅና ብቻ አይደለም። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል። አብዛኛው ሰው ታክሞ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። የደም ግፊትም በመድኃኒት ይገታል።

ስለዚህ እንክብካቤው መቀናጀት አለበት። መቀናጀት ማለት አራቱ በሮች እርስ በርሳቸው እንዲተዋወቁ ማድረግ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ስለዚሁ መመሪያ አውጥቷል። ሐሳቡ ቀላል ነው። በሽታውን ብቻ ሳይሆን ሰውን እዩ ይላል። ያያሉ ወይ? ይሰማሉ ወይ? ይራመዳሉ ወይ? በደንብ ይበላሉ ወይ? ያስታውሳሉ ወይ? ልባቸው አዝኗል ወይ? የምትጦራቸው ሴትስ ደክሟታል ወይ?

በአገራችን መነሻ የሚሆን ነገር አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41፣ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንንና አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ይላል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚያስከብረውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም፣ የሚሠራ ጉልበት ለሌለው ቤተሰብ ቀጥተኛ ድጋፍ የሚባል ክፍል አለው። ይህን ድጋፍ የሚያገኝ ሰው በምላሹ ሥራ እንዲሠራ አይጠየቅም። በአዲስ አበባ ደግሞ መቄዶንያ የተባለው ማእከል ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማንን ይረዳል። ነገር ግን አዲስ አበባ ለሰመራ ሩቅ ነው። አንድ ማእከልም ሁሉንም አይችልም። አብዛኛው አረጋዊ የሚጦረው በቤቱ ነው። ርዳታውም ወደ ቤቱ መድረስ አለበት።

አፋሮች ዳጉ አላቸው። ሰው ከሰው ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ይነግረዋል። የግጦሽ ወሬ በዳጉ ይደርሳል። «እዚያ ደቦይታ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ተኝተዋል» የሚለው ወሬም ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይድረስ።

በቤታችን ምን እናድርግ?

1. በዕድሜ የገፋ ሰው ጥማት ቶሎ አይሰማውም። በሰመራ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። እስኪጠይቁ አትጠብቁ። ውኃ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ስጧቸው።

2. ተኝቶ የሚውልን ሰው በየሁለት ሰዓቱ አገላብጡት። አለዚያ ገላው ይቆስላል።

3. የደም ግፊት መድኃኒት «ተሽሎኛል» ተብሎ አይቋረጥም። ሐኪም ይጠየቅ።

4. ማየት ለተሳነው ሰው ከቤት እስከ መጸዳጃ ገመድ ዘርጉለት። ገመዱን ይዞ ብቻውን ይሄዳል።

5. የመጦሩን ሥራ በተራ አድርጉት። ወንዶችም ተራ ይግቡ።

6. አሁን መጻፍ ችላችኋል። በአንድ ወረቀት ላይ ይህን ጻፉ፦ የአረጋዊው ስምና ዕድሜ፣ ሕመማቸው፣ የመድኃኒቱ ስምና ሰዓቱ፣ የሚጦራቸው ሰው፣ በአደጋ ቀን የሚሸከሟቸው የሁለት ሰዎች ስም። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። በየሄዳችሁበት በር አሳዩ። ጤና ጣቢያው የጻፈውን ቀበሌው ያነባል፤ ቀበሌው የጻፈውን ሆስፒታሉ ያነባል። ቤቱ ሲጫን ወረቀቱም አብሮ ይጫን።

እንወያይበት

ሀ. በመንደራችን ከቤት የማይወጡ ስንት ሰዎች አሉ? ስማቸውን እንጻፍ።

ለ. ነገ አደጋ ቢመጣ ማን ማንን ይሸከማል? ቃሬዛስ አለን?

ሐ. አረጋዊ በመጦር ምክንያት ከትምህርት የቀረች ልጅ አለች? ማን ይተካት?

አዳዲስ ቃላት

ቅንጅት፦ ተለያይቶ የሚሠራን ሥራ በአንድነት ማስኬድ።

እንክብካቤ፦ ሰውን በየቀኑ መርዳትና መጠበቅ።

ቃሬዛ፦ ሕመምተኛ ተኝቶ የሚወሰድበት የእንጨት መሸከሚያ።