ለቦሎቄ የምንጠይቀውን ለኮሌጅም እንጠይቅ



የ12ኛ ክፍል ውጤት በታወቀ ማግስት የገበያችን ወሬ ከቀረጥና ከምንዛሪ ወደ ኮሌጅ ይዞራል። «የእኔ ናይሮቢ ሊገባ ነው»፣ «የእኔን አዲስ አበባ አስመዘገብኳት»፣ «የእነ እከሌ ልጅ ካምፓላ ሄደ» ይባላል። ደስ የሚል ወሬ ነው። አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ግን አለ።

እኛ ሞያሌ ላይ አንድ ኩንታል ቦሎቄ ስንገዛ እጃችንን እስከ ክንድ ከተን ከሥር እናወጣለን። ነቀዝ እንዳለው እናያለን። በሻጩ ሚዛን አንተማመንም። ወረቀቱ ሳይሟላ አንድ ማዳበሪያ አንጭንም። የአራት ዓመት የትምህርት ክፍያ ግን ሕንጻ አይተን፣ ማስታወቂያ ሰምተን፣ አንዳንዴም ደላላ አምነን እንከፍላለን። ኮሌጅ መምረጥ ለነጋዴ እንግዳ ሥራ መሆን አልነበረበትም። ለዕቃ የለመድነውን ጥያቄ ለትምህርትም ማንሳት ብቻ ነው የቀረን።

ለምን አሁን ትሉኝ ይሆናል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በመንግሥትም ይማር በግል፣ የመውጫ ፈተናውን ሳያልፍ ዲግሪው አይሰጠውም። በመጀመሪያው ዙር ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 በመቶ ያህሉ ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት ያለፉት 17 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። የግል ኮሌጅ ሁሉ ደካማ ነው እያልኩ አይደለም፤ አጥብቀው የሚያስተምሩ አሉ። ነገር ግን አራት ዓመት ከፍሎ ባዶ እጅ መመለስ እንዳለ ቁጥሩ ይነግረናል። ያ ገንዘብ ደግሞ ጉምሩክ በር ላይ ስናድር የተጠራቀመ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ የፈቃድ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ለኮሌጁ ስም በጅምላ አይሰጥም። ለዚያ ቅርንጫፍ፣ ለዚያ የትምህርት መስክ፣ ለዚያ ደረጃ ነው የሚሰጠው። አዲስ አበባ ያለው ግቢ በሒሳብ አያያዝ ተፈቅዶለታል ማለት እኛ ከተማ የከፈተው ቅርንጫፍ ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም፤ በመደበኛ የተፈቀደም በርቀት ተፈቀደ ማለት አይደለም። ስለዚህ «ፈቃድ አላችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ አለን ይሏችኋል። «የዚህን መስክ፣ የዚህን ግቢ ፈቃድ አሳዩኝ፤ እስከ መቼ ያገለግላል?» በሉ። ከዚያም ባለሥልጣኑ ጋ አጣሩ። የማለፊያ ነጥብ ያላመጣን ልጅ «በዲግሪ አስገባልሻለሁ» የሚል ደላላ ከመጣ ደግሞ በሩን አሳዩት። ወረቀቱ ሲጣራ የመግቢያ ነጥቡም ይታያል።

ሁለተኛው ጥያቄ የእኛው የድንበር ሰዎች ነው፤ ወረቀቱ ይሻገራል ወይ? ከኢትዮጵያ ወደ ኬንያ ያለ ቪዛ መግባት መቻላችን ብዙዎችን ያዘናጋል። ለመማር ግን የተማሪ ፈቃድ ከኬንያ ኢሚግሬሽን ያስፈልጋል፤ ኮሌጁ በዚህ የሚያግዝ መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የኢትዮጵያን የ12ኛ ክፍል ውጤት እንዴት እንደሚቀበሉም በጽሑፍ ይስጧችሁ። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባላት ናቸው፤ ኢትዮጵያ አይደለችም። በእነሱ መካከል ያለውን ስምምነት ለእኛም ይሠራል ብላችሁ አትቁጠሩ። ልጁ ተመርቆ አገሩ ልሥራ ካለም የውጭ ማስረጃው በባለሥልጣኑ በኩል የአቻ ግምት ሊሠራለት ይገባል። ያ ተቋም በራሱ አገር ካልተፈቀደለት እዚህ ማንም አይገምትለትም። ኬንያ ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎችን የሚፈቅደው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ኮሚሽን ነው፤ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ሌላ ባለሥልጣን አላቸው። ሒሳብ ለሚያጠና ልጅ ደግሞ ካስኔብ የሚባለውን የፈተና ቦርድ አስታውሱ። ኮሌጁ ለፈተናው ያዘጋጃል እንጂ የሒሳብ ባለሙያነቱን ምስክር ወረቀት የሚሰጠው ካስኔብ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ ከዚያ የወጡት የት አሉ? ዕቃውን ከሻጩ ይልቅ የገዛው ያውቀዋል። ሁለት ሦስት ምሩቃን ፈልጉ። ስንቱ የመውጫ ፈተናውን አለፈ? አስተማሪ በየሳምንቱ ይገባል ወይስ ሃንድአውት ብቻ ይበተናል? ሴት ልጅ ላላችሁ ደግሞ ማደሪያው የት ነው፣ ከማታ ክፍል ስትወጣ መንገዱ እንዴት ነው የሚለው ከክፍያው እኩል ይጠየቅ። ወንዱን ናይሮቢ ልኮ ሴቷን «ለሱቁ ትቅረብ» ብሎ ያገኙት ኮሌጅ ማስገባት አሁንም አልቀረልንም።

ዲግሪ የግድ ነው አልልም። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍልን ፈተና ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ልጆች የተጣሉ አይደሉም። ከደረጃ 1 እስከ 5 ያለው የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና አለላቸው። እዚያም ቢሆን ጥያቄው ያው ነው፤ የሲኦሲ ምዘናን ያላለፈ ሠልጣኝ ወረቀቱ ብዙ ቦታ አይሠራለትም፤ ስለዚህ ስንቶቹን እንዳሳለፉ ጠይቁ። እኔ ራሴ ዲፕሎማ ነው ያለኝ፣ በንግድ ሥራ። የዕለት መዝገብ አያያዝ፣ ዱቤን ከጥሬ ገንዘብ መለየት፣ የንግድ ደብዳቤ መጻፍ፤ እነዚህን ሳልጠቀምባቸው የዋልኩበት ቀን ትንሽ ነው።

«ለነጋዴ ልጅ ኮሌጅ ምን ያደርጋል? ስንቱ ተመርቆ ሥራ ፈትቷል» የሚሉ አሉ። ሥራ መጥፋቱ እውነት ነው። ንግዱም ግን ተለውጧል። ዲክላራሲዮኑ በኮምፒውተር ነው፤ ባንኩ ሰነድ ይጠይቃል፤ ግብሩ ደብተር ይፈልጋል። የማያነብ ነጋዴ በየወረቀቱ ለሌላ ሰው ይከፍላል። የተማረ ልጅ ሱቁ ቢመለስ እንኳ ያን ወጪ ያስቀራል።

አሁን ወደሚያጣላን ነገር ልምጣ። ልጁን መርጠን ካስገባን በኋላ የምናበላሸው እኛው ነን። ናይሮቢ የሚማር ልጅ ያለን ሰዎች «እግረ መንገድህን ኢስሊ ሂድና ጨርቁን እይልኝ፣ ገንዘቡን በኤምፔሳ ተቀበልልኝ፣ መኪናው መነሣቱን አረጋግጥ» እንላለን። አንድ ቀን ምንም አይደለም። በየሳምንቱ ሲሆን ግን ልጁ ተማሪ መሆኑ ይቀርና ደመወዝ የማይከፈለው ወኪል ይሆናል። ከፈተና በፊት ባለው ወር ስለ ዕቃ የሚደወል ስልክ ይቁም። የገበያ ቀን ነው ብሎ ከክፍል መጥራትም ይቁም። ለትምህርቱ ከፍለን ጊዜውን መልሰን ከወሰድንበት ምን ገዛን?

ለእናንተ ለልጆቹም አንድ ሁለት ቃል አለኝ። የግቢ ሕይወት ነጻነት ነው፤ ነጻነቱ ግን በፍሬሽነት ዘመን የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ሰው ይበላል። አሳይመንት ኮፒ አድርጎ ያለፈ በመውጫ ፈተናው ቀን የሚገለብጠው ሰው የለውም። ቤተ መጻሕፍቱን ተጠቀሙ፤ ክፍያ ውስጥ ተቆጥሯል። ኤክሴል በደንብ ልመዱ። የተግባር ልምምድ ሲመጣ ማኅተም ብቻ ከሚያደርግላችሁ ቢሮ ይልቅ ሥራ የሚሰጣችሁን ምረጡ፤ የትራንዚተር ቢሮ፣ ባንክ፣ መጋዘን ይሁን።

ከሁሉም በላይ ከአገራችሁ ልጆች ጋር ብቻ አትቀመጡ። ስዋሂሊ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ እንግሊዝኛ የሚናገር የክፍል ጓደኛ ያዙ። ዛሬ አብሯችሁ ሻይ የሚጠጣው ልጅ ነገ ማርሳቢት ወይም ኢሲዮሎ ላይ የምታምኑት ደንበኛ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ትውውቅ በክፍል ውጤት አይለካም፤ እኛ የድንበር ሰዎች ግን የምንኖረው በእሱ ነው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ምዝገባው ሊዘጋ ነው ብሎ የሚያጣድፋችሁን ኮሌጅ ዕቃ እንደሚያጣድፍ ሻጭ ቁጠሩት። ፈቃዱን አይታችሁ፣ ተመራቂ ጠይቃችሁ፣ ከልጁ ጋር ተማክራችሁ ክፈሉ። ደረሰኝ መቀበላችሁንም አትርሱ።