የተዘነጋ እርሾ፦ በቡሃቃ ሥር የተቀመጠ ያልተመዘገበ ሀብት

እንጀራ ከሱቅ መግዛት በተለመደበት የከተማ ቤት ቡሃቃው ተከድኖ ይቀመጣል። ከሥሩ የቀረው እርሾ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት የሚያየው አያገኝም። ክዳኑ በተነሣ ዕለት የሚታየው የጠቆረ ውኃ፣ የሚሸተውም አፍንጫ የሚሰነፍጥ ኮምጣጣ ሽታ ነው። በዚህ ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ አጭር ነው፦ «ሞቷል፤ ይደፋ»። ይህ ፍርድ ብዙውን ጊዜ የተቻኮለ ነው። ከእርሾው ጋር የሚደፋውም ሰዎች ከሚገምቱት በላይ ነው።

እርሾ የቦካ የጤፍ ሊጥ ሲያቀርር ከላይ የሚጠል ቢጫማ ፈሳሽ ነው። ጥቂቱ ለሚቀጥለው ሊጥ መነሻ እንዲሆን ይቀመጣል፤ በብዙ ቤት ደግሞ ቡሃቃው ተጠርጎ ስለማይታጠብ በግድግዳው ላይ የቀረው ሊጥ ይህንኑ ሥራ ያግዛል። ብርሃኑ አበጋዝ ጋሼ በ1985 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በሊጡ ውስጥ ረቂቅ ሕዋሳት ተራ ጠብቀው እንደሚተካኩ አሳይተዋል። መጀመሪያ አሲድ የማይችሉ ባክቴሪያዎች ይበዛሉ፤ አሲዱ እየጨመረ ሲሄድ ሊኮኖስቶክ፣ ቀጥሎም ፔዲዮኮከስና ላክቶባሲለስ ቦታቸውን ይይዛሉ። ሞገሴ አሸናፊ በ1994 እ.ኤ.አ. እርሾውን ራሱን ለይተው ባጠኑበት ሥራ ደግሞ የአሲድነት ልኬቱ (ፒኤች) ወደ 3.5 የሚጠጋ መሆኑንና በውስጡም ልዩ ልዩ የዪስት ዝርያዎች መኖራቸውን ዘግበዋል። ስለዚህ እርሾ አንድ ፍጡር አይደለም፤ ማኅበር ነው።

ቋንቋው ራሱ እዚህ ላይ ያሳስታል። በሱቅ በጥቅል የሚሸጠው የዳቦ ማቡኪያም በአማርኛ «እርሾ» ይባላል። ያ ግን ሳካሮማይሲስ ሰረቪሲዬ የተባለ አንድ የዪስት ዝርያ ብቻ ነው፤ ጋዝ ይሰጣል፣ ሊጡን ያስነሣል፣ ኮምጣጣነቱን የሚሰጡትን የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ግን አይተካም። ሁለቱ በአንድ ስም በመጠራታቸው አንዱን በሌላው መለወጥ ኪሳራ የሌለበት ይመስላል።

የተዘነጋ እርሾ ምን ይሆናል? ምግቡ ሲያልቅ አሲዱ ይከማቻል፤ አሲድና ረኃብ የማይችሉት ሕዋሳት ቀድመው ያልቃሉ፤ የሚችሉት በቁጥር ተመናምነው በዝቃጩ ውስጥ ይቆያሉ። በሌላው ዓለም ኮምቡቻ የተባለውን የሻይ መጠጥ በቤታቸው የሚያዘጋጁ ሰዎችም ይህን ያውቁታል፦ ማሰሮው ተረስቶ ፈሳሹ ሆምጣጤ ቢሆንም፣ መነሻው ስኳር የገባበት የበረደ ሻይ ሲያገኝ ዳግም ሥራውን ይጀምራል። መንገዱ ለጤፍ እርሾም አንድ ነው። የጠቆረው ውኃ ይደፋል፤ ከዝቃጩ ጥቂት ማንኪያ በንጹሕ ዕቃ ተወስዶ በአዲስ የጤፍ ዱቄትና ለብ ባለ ውኃ ይበጠበጣል፤ በማግስቱ አብዛኛው ተደፍቶ የቀረው እንደገና ዱቄትና ውኃ ያገኛል። አረፋው ሲመለስና የሚሰነፍገው ሽታ ወደ ለስላሳ ኮምጣጣነት ሲለወጥ እርሾው ነፍስ ዘርቷል ማለት ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች ግን አይታለፉም። አንደኛው፣ ጸጉር ያወጣ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ሮዝ ቀለም ያለው ሻጋታ የያዘ እርሾ ከነዕቃው ይዘት መጣል አለበት፤ አንዳንድ ሻጋታዎች የሚያመነጩትን መርዝ አሲዱም ሆነ የምጣዱ ሙቀት ሙሉ በሙሉ አያጠፋውምና። ሁለተኛው፣ ገና ያላገገመ እርሾ ወዲያውኑ ለእንጀራ አይውልም። ደካማ እርሾ ሊጡን ለማኮምጠጥ ጊዜ ይወስድበታል፤ በዚያ ክፍተት ውስጥ አሲድ ሊገታቸው የሚገባ ጎጂ ባክቴሪያዎች ይራባሉ። የመጀመሪያዎቹን ሊጦች መድፋት ብክነት ሳይሆን የጥንቃቄ ዋጋ ነው።

ከዚህ የሚነሣው ከባድ ጥያቄ፣ ያገገመው እርሾ የቀድሞው ነው ወይ? የሚለው ነው። በሐቅ ከተመዘነ፣ በከፊል ብቻ ነው። በረኃቡ ዘመን የሞቱት ሕዋሳት አይመለሱም፤ አዲሱ ዱቄት ደግሞ የራሱን ሕዋሳት ይዞ ይገባል። መዘንጋቱ በረዘመ ቁጥር የሚነሣው ማኅበር የእናቱ ልጅ እንጂ እናቱ ራሷ አይሆንም። ጤፍ ያለ እርሾም በቀናት ውስጥ ሊቦካ ስለሚችል፣ «ተነሣ» የተባለው እርሾ አንዳንዴ ፈጽሞ አዲስ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማንሣት የሚጠቅመው ፈጥኖ ሲሆን፣ በተቻለም መጠን ቤቱ በለመደው የጤፍ ዓይነት ሲመገብ ነው።

አንዳንድ ባለሙያዎች ለዚህ ሁሉ ልፋት ምክንያት አይታያቸውም። በቤተ ሙከራ ተመርጦ የተዘጋጀ አንድ ወጥ መነሻ ለፋብሪካ እንጀራ ይበቃል፤ ጥራቱ አይዋዥቅም፣ ለቁጥጥርም ያመቻል ይላሉ። ክርክሩ ለፋብሪካ እውነት ነው። ነገር ግን ያ መነሻ ራሱ የሚመረጠው ከቤቶች እርሾ ነው፤ ምንጩ ከደረቀ ነገ የሚመረጥ ነገር አይኖርም። ደግሞም መቡካቱ በጤፍ ውስጥ ያለውን ፋይታት በመቀነስ ብረትና ዚንክ ለሰውነት እንዲቀርቡ ያግዛል፤ የትኛው ቤት እርሾ ይህን የበለጠ እንደሚሠራ የሚታወቀው እርሾዎቹ ሳይጠፉ ሲነጻጸሩ ነው። የባለቤትነት ጉዳይም አለ። በኔዘርላንድ በጤፍ ዱቄት አቀነባበር ላይ የተሰጠው የፈጠራ መብት በሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ የተደረገው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ያልተመዘገበ ሀብት የማን እንደሆነ ለማስረዳት ዓመታት እንደሚፈጅ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

የኢትዮጵያ የዘር ባንክ ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሰብል ዘሮችን ሰብስቦ ሲያቆይ ኖሯል። እርሾ ግን እንደ ጤፍ ፍሬ ደርቆ በመደርደሪያ ላይ አይቀመጥም። ከውስጡ አንድ አንድ ዝርያ ለይቶ ማቀዝቀዝ ይቻላል፤ ጠቃሚም ነው፤ ማኅበሩን በሙሉ ግን አያቆየውም። በቤልጅየም ሳንክት ፊት ከተማ በ2013 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የዳቦ እርሾ ቤተ መዘክር ይህን ተረድቶ ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰበሰቡ ሕያው እርሾዎችን ዱቄት እየመገበ ያቆያል። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችም ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጋቸው ብዙ አይደለም፦ ማቀዝቀዣ፣ የጤፍ ዱቄት፣ የሥራ ተራ የያዙ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና እርሾውን የሰጠችው ባለሙያ የቤቷን ስም፣ የጤፉን ዓይነት፣ የምታቦካበትን የጊዜ ርዝመትና ፈቃዷን የምታሰፍርበት መዝገብ። ባለሙያዋ እንደ ናሙና ሰጪ ብቻ ሳይሆን እንደ ዕውቀቱ ባለቤት መመዝገብ ይኖርባታል፤ እርሾው የተጠበቀው በእሷ እጅ ነውና።

ይህ እስኪሆን ድረስ የመጀመሪያው ቤተ ሙከራ ጓዳው ነው። ቀድሞ የአንዲት ባልቴት እርሾ ቢጠፋባት ከጎረቤቷ ትዋሳለች፤ መንደሩ ሁሉ የየቤቱን እርሾ ሳያውቅ ተደራርጎ ያቆይ ነበር። ዛሬ ጎረቤቷም እንጀራ ከሱቅ የምትገዛ ከሆነ የሚዋሱት የለም። የጠቆረውን ውኃ ደፍቶ ከሥሩ አንድ ማንኪያ ማትረፍ ትንሽ ድካም ነው፤ ቡሃቃው ታጥቦ ከተደፋ በኋላ ግን ያንኑ እርሾ መልሶ የሚያመጣ ቤተ ሙከራ የለም።