የሽጉጥ ፈቃድ፦ መዝገብ የማያውቀውን ቤተሰብ ያውቃል

ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 ወዲህ በእስራኤል ከ200 ሺህ በላይ የሽጉጥ ፈቃድ ጥያቄዎች ቀርበዋል። መንግሥትም መስፈርቱን አላልቷል፤ ለብዙ አመልካቾች የፊት ለፊት ቃለ መጠይቁ በስልክ ተተክቷል፤ የሚፈቀደው ጥይትም ከ50 ወደ 100 ከፍ ብሏል። ቤቴን ልጠብቅ ብሎ ያመለከተውን ሰው አንወቅስም። የዚያ ቀን ድንጋጤ የሁላችንም ነው።

ፈቃድ ጠያቂው በሐኪም የተፈረመ የጤና ቅጽ ያቀርባል፤ ፖሊስ የወንጀል መዝገቡን፣ የጤና ሚኒስቴርም የጤናውን ሁኔታ ያያሉ፤ ከዚያም የተኩስ ሥልጠና አለ። በአንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች እንዳለው በሕግ የተቆጠረ የመጠበቂያ ቀን እዚህ ባይኖርም፣ ምልልሱ ራሱ ጊዜ ይወስዳል። ብዙዎች «ለምን ያጉላሉናል?» ይላሉ። እኛ ግን በማህበራዊ ሥራችን የተማርነው ሌላ ነው፤ ቁጣም ሐዘንም ያልፋል፣ የተተኮሰ ጥይት ግን አይመለስም። በ2006 የእስራኤል ጦር ወታደሮች ለሰንበት ወደ ቤት ሲሄዱ መሣሪያቸውን በሰፈሩ ትተው እንዲወጡ አዘዘ፤ ራሳቸውን የሚያጠፉት ወታደሮች ቁጥር በ40 በመቶ ያህል ቀነሰ። የልጆቹ ጭንቀት ስለጠፋ አይደለም፤ በክፉዋ ሰዓት መሣሪያው ከእጃቸው ስለራቀ ነው።

ከአባቶቻችንና ከወንድሞቻችን ብዙዎቹ በሽሚራ ሥራ ይተዳደራሉ። ከ2002 እስከ 2013 ባለው ጊዜ፣ በመላው አገሪቱ ጥበቃዎች ወደ ቤት ይዘውት በሚገቡት ሽጉጥ ከ30 በላይ ሰዎች ተገድለዋል። በ2013 ሽጉጡ ከሥራ ሰዓት በኋላ በሥራ ቦታ እንዲቀር ታዘዘ፤ የፀጥታ ችግር በተነሳ ቁጥር ግን መመሪያው ሲላላ ቆይቷል።

እኛን አብልጦ የሚያሳስበን ሌላ ነገር አለ። የፖሊስ መዝገብ የሚያውቀው ለፖሊስ የደረሰውን ብቻ ነው። በእኛ ዘንድ ደግሞ የባልና ሚስት ጠብ የሚያልቀው በሽማግሌ ነው፤ ገመናን አደባባይ ማውጣት ነውር ነው። ስለዚህ ሦስት ጊዜ የዛተ ባል ሦስት ጊዜ ይታረቃል፤ ፋይሉ ግን ንጹህ ነው። ፈቃድ ሰጪው ይህን ከየት ያውቃል?

ስለዚህ ሽማግሌዎቻችንና ቄሶቻችን ለእርቅ ሲቀመጡ «በቤት ውስጥ መሣሪያ አለ ወይ?» ብለው አስቀድመው ይጠይቁ። ካለ፣ ነገሩ እስኪበርድ ለፖሊስ እንዲያስረክበው ይምከሩት። እህቶቻችን፣ ዛቻ ካለ በ118 የማህበራዊ ደህንነት መሥሪያ ቤቱ የስልክ መስመር፣ አደጋው ከቀረበም በ100 ለፖሊስ ደውሉ። ይህ ባልን ማዋረድ አይደለም፤ እሱንም ከእስር፣ ልጆቹንም ከወላጅ አልባነት ማዳን ነው።

እርቅ መልካም ባህላችን ነው። ሽጉጥ ባለበት ቤት ግን እርቅ ብቻውን አይበቃም።