የማሸጊያ እንጨት ትርፍ፣ የደን ኪሳራ

እ.ኤ.አ. በ2002 በዲትሮይት አካባቢ የአሽ ዛፎችን የሚገድል አንጸባራቂ አረንጓዴ ጥንዚዛ ተገኘ። ከእስያ የመጣው በንግድ ዕቃ ማሸጊያ እንጨት ውስጥ ተደብቆ እንደሆነ ይታመናል። እጩ ከቅርፊት ሥር እየቦረቦረ የዛፉን ምግብና ውኃ ማመላለሻ ይቆርጣል፤ ዛፉም በጥቂት ዓመታት ቆሞ ይደርቃል። እስካሁን በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የአሽ ዛፎች በዚሁ ሞተዋል።

ይህን ድንገተኛ መቅሠፍት ማለት ግን ሐቁን መሸፈን ነው። ሌላ እስያዊ ጥንዚዛ ገና በ1996 ብሩክሊን ውስጥ ተገኝቶ፣ የመግቢያው በር የትኛው እንደሆነ አሳይቶ ነበር። በ2003 ደግሞ እገዳ ተጥሶ ከሚሺጋን የተላኩ ችግኞች አረንጓዴውን ጥንዚዛ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደሚኖሩበት የዋሽንግተን አካባቢ፣ ወደ ሜሪላንድ፣ አደረሱት። በጃንዋሪ 2021 የፌዴራሉ መንግሥት የዝውውር እገዳውን ራሱን አነሣ፤ ምክንያቱም መስፋፋቱን ሊገታ አልቻለም የሚል ነበር። ምክንያቱ ከእውነት የራቀ አይደለም። ነገር ግን ከገባ በኋላ ማስቆም ካልተቻለ፣ ጥበቃው ድንበሩ ላይ መጥበቅ ሲገባው እዚያም ላልቶ ይታያል።

አስመጪዎች ዓለም አቀፉን ደንብ ይጠቅሳሉ፦ እንጨቱ እስከ እምብርቱ በ56 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ30 ደቂቃ ይሞቃል፣ ከዚያም ማኅተም ይደረግበታል። ደንቡ የነፍሳቱን ቁጥር መቀነሱ አይካድም። ሆኖም ማኅተም ባረፈበት እንጨት ውስጥም ሕያው ነፍሳት ተገኝተዋል። ጉምሩክ ከኖቬምበር 2017 ወዲህ በመጀመሪያው ጥፋት መቅጣት ቢችልም፣ ቅጣቱ የሚመጣው ዕቃው ወደብ ከደረሰ በኋላ፣ ያውም ጥፋቱ ከተያዘ ብቻ ነው።

ዕዳውን የሚከፍለው ማን ነው? በ2011 የታተመ ጥናት፣ እንጨትና ልጥ የሚበሉ መጤ ነፍሳት የአካባቢ መስተዳድሮችን በየዓመቱ 1.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያስወጡ ገምቷል። የደረቀውን ዛፍ የሚያስቆርጠው ከተማው ነው፤ ግቢው ውስጥ ዛፍ ያለው ቤተሰብም ከኪሱ ይከፍላል። በርካሽ እንጨት ያሸገው ነጋዴ ግን ከዚህ ሒሳብ ውጭ ነው።

አማራጭ የለም የሚለው ክርክርም አያስኬድም። ኮምፖንሳቶና መሰል የተቀነባበሩ ማሸጊያዎች፣ አሠራራቸው ነፍሳቱን ስለሚያጠፋ፣ ከማሞቂያው ደንብ ነጻ ናቸው። ስለዚህ ኮንግረስ ደንቡን ደጋግሞ የጣሰ አስመጪ በጥሬ እንጨት እንዳያሽግ በሕግ ይከልክል፤ ከእያንዳንዱ በጥሬ እንጨት የታሸገ ጭነትም ክፍያ ተሰብስቦ ዛፋቸው ለሞተባቸው ከተሞች ይዋል።