ከሣሩ በፊት አፈሩ ይታሰብበት

የኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህ በየከተማው አረንጓዴ ቦታ ማልማት የተለመደ ሥራ ሆኗል። መልካም ነው። የሚያሳስበው ግን ለሣሩ ገንዘብ ሲመደብ አፈሩን ዞር ብሎ የሚያይ ማነሱ ነው። በሀዋሳ ሐይቅ ዳር ያለውን የአሞራ ገደል መናፈሻና ዓሣ ገበያ እንውሰድ። ከተማዋም ሐይቋም ያሉት ጥንት እሳተ ገሞራ በፈጠረው ጎድጓዳ ውስጥ ነው፤ በአካባቢው የሚበዛውም ከእሳተ ገሞራ አመድና ብሎኬት ከሚሠራበት ፑሚስ የመጣ፣ ውሃ የማይዝ አሸዋማ አፈር ነው። ደረቁን በእፍኝ ቢይዙት በጣት መካከል ይፈስሳል። ዓሣ ሊበላና ጦጣ ሊያይ የሚመጣው ሕዝብ የሚረግጠው ደግሞ ላዩ ይጠጥራል። በዚህ ላይ የተነጠፈ ሣር ሥሩን የሚሰድበት ስለማያገኝ በየቀኑ ውሃ ካልጠጣ ይገረጣል።

ስለዚህ ሥራው ከአፈሩ ይጀመር። መሬቱን 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆፍሮ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የበሰለ ኮምፖስት ማዋሃድ ያስፈልጋል፤ ለ100 ካሬ ሜትር 5 ሜትር ኩብ መሆኑ ነው። ግብዓቱ ሩቅ አይደለም። በዓሣ ገበያው አባ ኮዳ ከሚባሉት ትልልቅ ወፎች የተረፈው የቆሮሶና የአምባዛ ሆድ ዕቃ ናይትሮጅን የሞላበት ነው፤ ሲዳማ ደግሞ የቡና ገለፈት አያጣም። ሆድ ዕቃው በደረቅ ቅጠል፣ በገለፈትና በፍግ መካከል በደንብ ከተቀበረ ሽታውም ይታፈናል፣ ጅብም አይጎትተውም። ጥር ላይ ተከምሮ እየተገላበጠ የከረመ ክምር ዝናቡ ሲደላደል ለተከላ ይደርሳል። ሣሩም ሰርዶ ቢሆን ይመረጣል፤ ሁለት ሦስት አንጓ ያለው ቁራጭ ከተቀበረ ራሱ እየተሳበ መሬቱን ይሸፍናል፣ ድርቅንም እግርንም ይችላል። ወደ አትክልት መደብ ይገባል የሚሉ እውነት አላቸው፤ ጠርዙን በድንጋይ መከተርና እየተከታተሉ መቁረጥ ግድ ነው።

ይህ ሁሉ ወራት ይፈጃል፣ በዓልና ምረቃ ደግሞ አይጠብቅም የሚል ይኖራል። በመኪና ጥቁር አፈር አምጥቶ ማልበስና ማዳበሪያ መበተን በእርግጥ ይፈጥናል። ነገር ግን ያ አፈር የሚገፈፈው ከአንድ ገበሬ ማሳ ሊሆን ይችላል፤ የሀዋሳ ሐይቅም ጥቁር ውሃ የሚባል ገባር ወንዝ እንጂ መውጫ ወንዝ የለውም። ከዳርቻው ታጥቦ የገባ ማዳበሪያ እዚያው ቀርቶ አልጌ ያፋፋል፣ ዓሣውንም ይጎዳል። ለምረቃ ቀን ብቻ መሥራት «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ካለችው አህያ አሳብ አይለይም።

ኮምፖስትስ አይታጠብም ወይ? ይታጠባል፤ ላዩ ላይ ተበትኖ ከቀረ። ከአፈሩ ጋር ከተዋሃደና በውሃው ጠርዝ ያለው ፊላና ደንገል ሳይመነጠር ከተተወ ግን የሚያመልጠው በጣም ያነሰ ነው። ሁሉም ቦታ ሣር ይልበስ ማለትም አይደለም። ሰርዶ ጥላ አይወድም፤ በትልልቆቹ ዛፎች ሥር የወደቀው ቅጠል ባለበት ቢተው ለዛፎቹም ለአፈሩም ይበጃል።

አረንጓዴ ቦታ የምታሠሩ ኃላፊዎች፣ በውላችሁ ውስጥ አንድ አንቀጽ ጨምሩ፦ አፈሩ በአካፋ ተቆፍሮ ሳይታይ ለሣር ክፍያ አይፈጸም።