እናቶች የሌሉበት የትውልድ ቆጠራ

ሮቤ ወይም ጎባ አካባቢ አንድ የኦሮሞ አዛውንት «እስቲ አባቶችዎን ይቁጠሩልን» ብትሏቸው ሰባት ትውልድ ሳይደናቀፉ ይዘልቃሉ። «የአያትዎ እናትስ ማን ይባሉ ነበር?» ስትሉ ግን ብዙ ጊዜ መልሱ ዝምታ ነው። ቀጥለው የሚመጡት ጥያቄዎችም እንደዚያው ናቸው። አያትየው የት ያርሱ ነበር? መቼ አረፉ? ስንት ልጅ ቀበሩ? የቃል ቆጠራችን ማን ማንን እንደወለደ ይነግረናል፤ እንዴት እንደኖሩ ግን አይነግረንም።

ወረቀትስ? እንግሊዝ አገር ቁራሽ መሬት ያልነበረው የገጠር ቅጥረኛ እንኳ ዛሬ በልጅ ልጆቹ ይገኛል። እ.ኤ.አ. ከ1538 ጀምሮ የየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን እንዲመዘግብ ታዟል። በ1837 መንግሥት ራሱ ምዝገባውን ሲጀምር የእናት ስም ከእነ አባቷ ቤት ስም በልደት መዝገብ ላይ ሰፈረ። እኛ ጋ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ ቢደነግግም ሳይሠራበት ኖረ። አገር አቀፉ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው።

ከዚያ በፊት የባሌ ገበሬ ስም በመንግሥት ወረቀት ላይ የሚሰፍረው መንግሥት ከእሱ አንድ ነገር ሲፈልግ ነበር፦ መሬት በጋሻ ሲለካ፣ ግብር ሲገባ፣ ችሎት ሲቆም። የመሬትና የግብር በደል ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. ለቆየው የባሌ አመፅ አንዱ ምክንያት ነው። የጄኔራል ዋቆ ጉቱን ስም ሁላችንም እናውቃለን። ግብር አልከፈልክም ተብሎ መሬቱን ያጣው ገበሬ ግን፣ ከተገኘም የሚገኘው በአሮጌ ደረሰኝና በፍርድ ቤት መዝገብ ነው። ሚስቱ ደግሞ እዚያም የለችም፤ ግብር የሚገባው በባልየው ስም ነዋ!

ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ የገበሬ ማኅበራት ተቋቋሙ። ከሶማሊያ ጦርነት ማግስት ደግሞ በባሌ የተጀመረው የመንደር ምሥረታ ብዙ ቤተሰብን ከቀዬው አነሳ። አሮጌውን ቀዬ በጣቱ የሚያሳይ ሰው በየዓመቱ እየቀነሰ ነው።

«ዘር መቁጠሩ አገር በጠበጠ፤ አንተ ደግሞ ትጨምርበታለህ?» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። ስጋቱ ይገባኛል። ግን አባቶች ለምን እንደሚቆጠሩ እናስብ። ከጥንት የመጣው ምክንያት ጋብቻ ነው፤ ከራስ ጎሳ እንዳይጋቡ። ስለዚህ በሥርዓቱ መሠረት እያንዳንዷ እናት የመጣችው ከሌላ ጎሳ ነው። በአባት መስመር ብቻ ሰባት ትውልድ ወደኋላ ብንቆጥር አንድ ሰው ላይ እንደርሳለን። እናቶችን ስንጨምር ግን በዚያው እርከን ላይ 128 ቦታ አለ። ዘር ቆጠራ ለጠብ የሚመቸው 127ቱን ትቶ አንዱን ሲይዝ ነው። ሙሉ የቤተሰብ ታሪክ የያዘ ሰው «እኛ» እና «እነሱ» ለማለት ይቸገራል።

ሁለት ነገር ቢደረግ እላለሁ። አንደኛ፣ በየወረዳው፣ በየቀበሌውና በየፍርድ ቤቱ ምድር ቤት የተከመረ አሮጌ መዝገብ ካለ ቦታ ያጣብባል ተብሎ አይጣል፤ ባለሙያ አይቶት ወደ ቤተ መዛግብት ይግባ። በዚያ ዘመን የኦሮሞ ስም በግዕዝ ፊደል የተጻፈው ጸሐፊው እንደሰማው ነው፤ ዛሬ ደግሞ በቁቤ ይጻፋል። ስለዚህ አንዱን ሰው በሦስት አጻጻፍ የሚያውቁ አዛውንቶች በሕይወት ሳሉ መዝገቡ ቢነበብ ይሻላል።

ሁለተኛው ወጪ የለውም። ለበዓል አገር ቤት ስትገቡ ስልካችሁን ለፎቶ ብቻ አታውጡ፤ ድምፅም ቅዱበት። የመጀመሪያው ጥያቄ ለሴት አያታችሁ ይሁን፦ «እናትዎ ማን ይባሉ ነበር? ከየትኛው አገር መጥተው ተዳሩ?» ከዚያ የመለሱላችሁን እዚያው ከእነ ቀኑ ጻፉት።