«ዘነበልን» እና «ዘነበብን»

ሐይቅ አካባቢ ጥቅምት ላይ ያልታሰበ ዝናብ ቢጥል፣ ጤፉ ለአጨዳ የደረሰ ገበሬ «ዘነበብን» ይላል። ሽምብራ ዘርቶ እርጥበት የሚጠብቀው ጎረቤቱ ስለዚያው ዝናብ «ዘነበልን» ይላል። ዝናቡ አንድ፣ ግሡም አንድ ነው። የለያያቸው በግሡ መሐል የገባው ፊደል ብቻ ነው።

«ብ» እና «ል» ከ«በ» እና ከ«ለ» የመጡ ናቸው። «ዘነበ» ተሳቢ አይሻም፤ «መሸ»ም እንዲሁ። አምባሰል ተራራ ሥር ጨለማ የያዘው መንገደኛ «መሸብኝ» ሲል ግን ምሽቱ ጉዳት የሚደርስበት ሰው ያገኛል። ላም ወለደችልኝ፣ በሬ ሞተብኝ፣ ልጅ ታመመብኝ፤ ተናጋሪው «የእኔ» ሳይል ደስታውም ሐዘኑም የማን እንደሆነ ይታወቃል። «ሞተ» አብዛኛውን ጊዜ ከ«ብ» ጋር ይውላል። በቤተ ክርስቲያን ግን ስለ ክርስቶስ «ሞተልን» ይባላል፤ የድኅነት ትምህርት ሙሉው በዚያች «ል» ላይ ቆሟል ቢባል ማጋነን አይደለም።

«ብ» ሌላም ሥራ አላት። «በዚህ ቢላዋ ሥጋ ቆረጠበት» ሲባል የተጎዳ ሰው የለም፤ መሣሪያውን ነው የምታመለክተው። ሰሚው ሳይቸገር ይለየዋል።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም በዕለት ንግግራቸው ጉዳት ወደምታመለክተው «ብ» ይጠጋሉ፤ መኪና መንገድ ላይ ሲቆምባቸው «ላዬ ላይ ሞተ» እንደማለት ይናገራሉ። ለበጎው ግን እንዲህ ያለ አጭር አቻ የላቸውም። «ዘነበልን» ለማለት ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳሉ።

የአማርኛ ሰዋስው ታሪክ ራሱ ሐይቅና አምባሰል ከሚገኙበት ከወሎ ምድር ሰው ንግግር ጋር የተያያዘ ነው። ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ በ1698 እ.ኤ.አ. የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፍ አሳተመ። ቋንቋውን ያስተማሩት፣ በ1649 ሮም ላይ ያገኛቸው አባ ጎርጎርዮስ፣ የመካነ ሥላሴ ሰው ነበሩ፤ አገራቸው ዛሬ ደቡብ ወሎ በሚባለው ምድር ነው። መምህሩ የአገሬው አፍ ነበር።

ዛሬ ክፍል ውስጥ ሰዋስው ሲነሣ ባለቤት፣ ተሳቢና ማሰሪያ አንቀጽ ይቀድማሉ። መቅደማቸው አይከፋም። ተማሪው ከቤቱ ይዞት የመጣው «ዘነበብን» ግን ሰሌዳ ላይ የመጻፍ መብት ሊያገኝ ይገባዋል። መምህሩ «ገንዘቤ ጠፋብኝ» እንላለን፤ «ጠፋልኝ» የምንለው ምን ሲጠፋ ነው ብሎ ይጠይቅ። ተማሪውም ከእናቱና ከአያቱ የሰማውን ምሳሌ በደብተሩ ጽፎ ይምጣ።